ይበቃታል የሚለው ቃል

ጥር 15፣ 2017፣ ሐሙስ

ዛሬ ማመልከቻ ያልሆነ ነገር እንድጽፍ ተጠየቅሁ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላዬ ሥር ሆኜ የአንድ ሽማግሌ የድንበር ክርክር እየጻፍኩ ሳለ ዑሙልኸይር መጣች። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የመንግሥት ሥራዋን ለቅቃ ከከብት ገበያው በር ፊት ለፊት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከከፈተች አምስት ወሯ ነው። ሰው አይገባላትም። ገበሬው ገበያ መሐል ሸራ ዘርግተው ከሚሸጡት ይገዛል። መድኃኒቱን ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ማንም ግድ የለውም።

«ጋሽ ሲራጅ፣ እርስዎ የጻፉለት ሰው አይሸነፍም ይላሉ» አለችኝ። «ለእኔም ይጻፉልኝ።»

«ማንን ልትከሺ ነው?»

«ማንንም። ሰው እንዲገባልኝ ነው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው ይባላል። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ጥር 16

የመጀመሪያ ሙከራ፦ «ውድ ደንበኞቻችን ሆይ፣ ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የእንስሳት መድኃኒቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ...»

ልጄ ዓፊያ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። «አባ፣ ይሄ ለከንቲባ የተጻፈ ነው የሚመስለው።»

እውነቷን ነው። ማመልከቻ የሚያነበው ሰው የግድ ያነባል፤ ደሞዝ የሚበላበት ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ግን ማን ያስገድደዋል? ለምን ብሎ ይቆማል? ይህን ያህል ዓመት ስጽፍ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሱቋን ለማየት ሄድኩ። ለጽሑፉ ስል ነው።

አንድ ገበሬ ገብቶ «የላም መድኃኒት» አለ። ጥያቄ ጀመረችለት። ምን ሆነች? ከመቼ ጀምሮ? የት ነው የምትግጠው፣ ረግረጉ ላይ ነው? ጉሮሮዋን ዳስሰኸዋል? ጆሮዋ ይሞቃል? እርጉዝ ናት? ሰውየው መጀመሪያ መለሰ። ቀጥሎ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ «እኔ መድኃኒት ልገዛ እንጂ ቃሌን ልሰጥ አልመጣሁም» ብሎ ወጣ።

«ሁሉንም እንዲህ ነው የምትጠይቂው?» አልኳት።

«ሳልጠይቅ ምን ብዬ ልስጠው?»

ገበያዋን የሚያባርረው ምን እንደሆነ ገባኝ። ሰው የሚፈልገው መልስ ነው፤ ጥያቄ አይደለም። ማስታወቂያው መልስ መሆን አለበት።

ጥር 20

ተገኘ። ከሱብሒ ሰላት ስመለስ መንገድ ላይ መጣልኝ፤ እንዳይጠፋብኝ እየደጋገምኩት ቤት ደረስኩ።

ላምዎ ከሳች? መኖ ጠላች? ወተቷ ነጠፈ?
አንድ ፍሬ ይበቃታል።
ዑሙልኸይር የእንስሳት መድኃኒት፣ ከሚሴ፣ ከከብት ገበያው በር ፊት ለፊት።

ዓፊያ ሁለተኛ ደረጃ አፋን ኦሮሞ ታስተምራለች። መሐለኛውን መስመር ወደ ኦሮምኛ መለሰችልኝ፦ «ቶኮቱ ኢሼ ገአ።» በኦሮምኛው እንዲያውም ይበልጥ ያምራል። ደጋግማ አለችውና ግን ቆም ብላ «የከሳች ላም ሁሉ በአንድ ክኒን ትድናለች እንዴ?» አለችኝ።

«ለገበሬ ነው የጻፍኩት፣ ለፈተና አይደለም» አልኳት።

ዑሙልኸይርም እንዲሁ ናት። «ይሄ እኮ የትል ክኒን ነው፤ የሚበቃው ለትል ነው። ትል የሚለው ይግባበት» አለች። ትል የሚል ቃል ባነር ላይ ሲያዩት ያስጠላል አልኳት። ወረቀቱን ደግማ አነበበችውና «እሺ፤ የቃሉን ነገር እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

አውቃለሁ።

ጥር 22፣ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን

ባነሩ ተሰቀለ። ሥራዬን ትቼ ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰው እንዴት እንደሚያነብ ሳይ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የለም። ማንበብ የሚችለው ሳይቆም ያነባል። ማንበብ የሚከብደው ይቆማል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የማይችለው ደግሞ የሚችለውን ክንዱን ይዞ ያስቆመዋል፤ እናም አንዱ ለአምስት ያነባል። «ነጠፈ» ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል። አንዷ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ይበቃታል» ላይ ሲደርሱ ወደ በሩ ያያሉ። ወላሂ አየሁት፤ ሁሉም ያያሉ።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተራ አጠገብ አንድ የማላውቀው ሰው ለጓደኛው «አንድ ፍሬ ይበቃታል አሉ» ሲል ሰማሁ። የእኔ ቃል በሰው አፍ። ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤት ገብተው ነው የሚቀሩት።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ። ከሰንበቴ ከተማ የመጡ አሉ። አፋሮችም ከብታቸውን ይዘው ለግጦሽ ወጥተዋል፤ ባነሩን በስልክ ያነሳሉ።

ገብቼ ሰላም አልኳት። እጇ አላረፈም። «ጋሽ ሲራጅ፣ ጥያቄ የምጠይቅበት ጊዜ አጣሁ» አለችኝ። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

የካቲት 3

ሩጫ። ፍራሽ ሻጩ ማስታወቂያ ጻፍልኝ አለ። የመነጽር ሰውየውም። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይም ባነሩ ተሰቅሏል። መብራት የለም፤ በእጅ ጻፍኩ። ዓፊያ «አባ፣ ትከሻህ ሰፋ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠዋት አንድ ሰው መጣ። ረጀብ ይባላል፤ የጨፋ ሮቢት ገበሬ ነው፤ ሃምሳ ሳይሞላው አይቀርም። «አካም ቡልተን» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። «ነጋ፣ ሰላም ነው» አልኩት። ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፦

«ሳኢ ኮ ዱቴ። ላሜ ሞተችብኝ። ክስ ጻፉልኝ።»

«ማን ገደላት?»

«የከሚሴዋ መድኃኒት ሻጭ።»

ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰውየው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ላሟ ሎሚ ነው ስሟ። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ መኖ ጠላች፤ ወተቷም ነጠፈ። ልጁ ባነሩን በስልኳ አንስታ ስለነበር አነበበችለት። ልክ የእሱን ላም ነው የሚለው። ሐሙስ ገበያ ወጥቶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ለሴትዮዋ ሊነግራት ጀምሮ ነበር፤ ከኋላ ገፉት። «ለላም ነው?» አለችው፤ «ለላም» አላት፤ ሰጠችው። አንዱን ፍሬ በእጁ አስዋጣት። ዐርብ ጉሮሮዋ አበጠ፤ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ጎረቤት «ይሄማ ጎርርሳ ነው፣ ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ፤ መርፌ አስወጋት» አለው። እሱ ጠበቀ። እሑድ ሊነጋ ሲል ሞተች።

«ጎረቤትህን ለምን አልሰማኸውም?» አልኩት። የጠየቅኩበትን ምክንያት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ይበቃታል ይላላ» አለ ረጀብ። «አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት። ይበቃታል ከተባለ በኋላ ሌላ መድኃኒት ቢጨመርባት የሚጎዳት መስሎኝ ነው።»

ሱቁ ሊታሸግ እንደሚችል አሰብኩ። ጻፍኩለት። አመስግኖኝ ሄደ። «ጀዛከላህ» አለኝ።

የካቲት 14

ማመልከቻው ጥሩ ነው። ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። ሰላምታው፣ ጉዳዩ፣ ፊርማው፣ ሁሉም በየቦታው።

የካቲት 15

ሱቋ በር ላይ አለፍኩ። አልገባሁም።

የካቲት 17

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ? ለእንስሳት ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ አይደለም የጻፍኩት። ወደ ንግድ ቢሮ አደረግኩት። መድኃኒቱ የተገዛበትን ቀን አላስገባሁም። የሱቁን ስም «አንድ መድኃኒት ቤት» አልኩት። ባነሩን አልጠቀስኩም። እንዲህ ያለ ማመልከቻ የት ሄዶ እንደሚቆም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ከሚሴ ውስጥ የለም። ሌላ ጸሐፊ ቢያደርገው ሳላውቀው ቀረሁ ይል ነበር።

ለእሷ ብዬ ነው። ልጅ ታሳድጋለች።

ባነሩ ላይ ስሜ የለም። ይህንንም አስቤዋለሁ።

የካቲት 24፣ ሮመዳን ሦስተኛው ቀን

ረጀብን የንግድ ቢሮው በረንዳ ላይ አየሁት። ጾሙን ይዞ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ተቀምጧል። «የእኛ ጉዳይ አይደለም ብለው መለሱኝ» አለ። «ወዴት ልውሰደው?» አልተቆጣም። እኔን ነው ያማከረኝ።

ቤት ስገባ ዓፊያ ማመልከቻ በምተይብበት ላፕቶፕ ላይ የተማሪዎቿን ፈተና ስትጽፍ የረጀብን ማመልከቻ አግኝታዋለች። «አባ፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ምነው?»

«የአንተን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ይሄ እንዳይነበብ ተብሎ የተጻፈ ነው።»

ለኢፍጣር ሾርባ አቀረበችልኝ። ሳልጨርሰው ተነሳሁ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳረቅቅ ነበር፤ እንደ ማመልከቻ፣ በተራ ቁጥር። ደርሼ ረጀብን ደጃፉ ላይ ሳገኘው ሁሉም ጠፋኝ።

«ባነሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳላቆም ቀጠልኩ።

«ማመልከቻህንም ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። የትም እንዳይደርስ።»

ሚስቱ ከውስጥ «ማነው?» አለች፤ «እንግዳ ነው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሆኑ አንቱ ላም አርብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንደሚበቃት በምን አወቁ?»

ቃሉ ስላማረኝ ነው አይባልም።

«አውፍ በለኝ፤ ይቅርታ» አልኩት።

«እሱን እናየዋለን። መጀመሪያ ሌላ ጻፉ። እዚሁ። እኔ እነግርዎታለሁ።»

የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። ረጀብ ነገረኝ። ሎሚ የተወለደችበትን ክረምት። ረግረጉ ላይ ስትሰምጥ በገመድ ያወጧትን ቀን። ዐርብ ማታ አንገቷን ዘርግታ እንዴት እንደምትተነፍስ፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ «ይበቃሻል» እያለ ሲያሻት እንደነበር። ይህንን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ላሳምረው ስል «እንደሱ አላልኩም» እያለ አስሰረዘኝ። ባነሩን ቃል በቃል አስገባሁ። «ይህን የማስታወቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ሲራጅ ነኝ» ብዬ ከሥሩ ፈረምኩ። አድራሻውን በትክክል አደረግኩ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ወረቀቱ ቢሮው ከመድረሱ በፊት ለዑሙልኸይር ነገርኳት። ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ሰዎቹን አስወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

የላሟን ነገር ስነግራት ተቀመጠች። «ጎርርሳ» አለች። «ጉሮሮዋን ብጠይቀው ኖሮ። አንድ ጥያቄ ነበር እኮ።» ሰውየውን ልታስታውሰው ሞከረች፤ አልቻለችም። በዚያ ቀን የሰጠችው ሰው ብዙ ነው።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስነግራት ግን ተነሳች።

«እኔን ሊጠብቁ ነው?»

«አዎ።»

«ማን ለመነዎት? አንድ ሰው ላሙን አጥቶ በእኔ ምክንያት በጾም በረንዳ ለበረንዳ ሲንከራተት እኔ እዚህ ስሸጥ ነበር። ይህንን ነው የሰጡኝ?»

ወደ መደርደሪያዋ ዞረች።

«ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጠው የምለየው በምን ነበር?» አለች ቀስ ብላ። «በመደርደሪያ ነው? እኔ ያለኝ ጥያቄዬ ብቻ ነበር። እሱን ነው ያስጣሉኝ። እኔም ሰልፉ ደስ ብሎኝ ጣልኩት።»

ወንበር ላይ ወጥታ ባነሩን በገዛ እጇ አወረደችው። ልረዳት ስል «ይተዉት» አለችኝ።

መጋቢት 2

ሱቁ ታሸገ። ለዐሥራ አምስት ቀን። ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ። የማስጠንቀቂያው አጻጻፍ ግልጽ ነው፤ አንድ ትርፍ ቃል የለበትም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሰዎች እየመጡ የታሸገውን በር ያያሉ። አንዱ «ክኒኑ አልቆባት ነው» ሲል ሰማሁ። ሌላው «መርዝ ሸጣ ነው» አለ። ሁለቱንም አስቁሜ የሆነውን ነገርኳቸው። ሁለተኛው አላመነኝም። ወሬ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

የፍራሹን ሰውዬ ጽሑፍ ከለከልኩት። ተቀየመ።

መጋቢት 9

ዑሙልኸይር ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ተበዳይ ተቀምጦ ከሚያስጽፍበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሲከፈት በሩ ላይ ምን እንበል?» አለች።

እንበል አለች። ልብ አልኩት።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። «አንቺ ንገሪኝ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

መናገር ጀመረች። በጾም አፏ ደርቆ እንኳ አላቆመችም። ጆሮ የሚዳሰሰው ለምን እንደሆነ፤ ረግረግ የምትግጥ ላምና ተራራ የምትግጥ ላም በምን እንደሚለያዩ፤ ጉሮሮ ሲያብጥ ስንት ሰዓት እንዳለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲነግረኝ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ግን እየጠየቅኩ ነበር የምሰማው። ያ የጥር ወር ገበሬ ሰልችቶት የወጣው ጥያቄው በዝቶበት ይሁን ወይስ ለምን እንደሚጠየቅ ስላልገባው? ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩትም።

መጋቢት 11

አራት ጊዜ ጻፍን። ረጀብ ጋ ልከን በልጁ አስነበብነው። መልሱ በስልክ መጣ፦ «ትኩሳት የሚለውን ተዉት። ጆሮዋ ይሞቃል በሉ። ትኩሳት የሐኪም ነው፤ ጆሮ የሁላችን ነው።»

ለወጥነው።

ላምዎን እስቲ ይዳስሷት።
ጆሮዋ ይሞቃል? ጉሮሮዋ አብጧል? ስንት ቀኗ ነው? የት ነው የምትግጠው?
መልሱን ይዘው ይምጡ፤ መድኃኒት የሚመረጠው በእሱ ነው።
ጉሮሮዋ ካበጠ ግን ገበያ አይጠብቁ። አሁኑኑ ይደውሉ።
የማያስፈልጋትን አንሸጥልዎትም።

ዓፊያ ኦሮምኛውን አዘጋጀች። አንብባ ስትጨርስ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ተከፈተ። ከማዶ ተቀምጬ አየሁ። ሰዎች አንብበው ወደ በሩ አያዩም፤ ወደ ከብታቸው ነው የሚያዩት። አንዱ በሬውን እየነዳ ሊያልፍ ሲል ቆመና የራሱን ጆሮ ያዘ፤ ከዚያ የበሬውን። ብዙዎቹ ግን ዝም ብለው አለፉ። እስከ ዙህር ሰባት ሰው ብቻ ነው የገባው። ፈራሁ። እውነተኛ ነገር ጽፈን ሱቋን ብናዘጋትስ?

መጋቢት 20

ትናንት ከሰንበቴ መንገድ አንዲት ሴት ደውላ ነበር። ባነሩን ያነበበላት ወንድሟ ነው። «ጉሮሮዋ አብጧል፤ ጆሮዋ እሳት ነው» አለች፤ ሌላ ምንም አላስረዳችም፤ አላስፈለገምም። ዑሙልኸይር መርፌዋን ይዛ በባጃጅ ሄደች። ዛሬ ላሟ ቆማለች፤ ውኃ ጠጥታለች። አልሐምዱሊላህ።

ዑሙልኸይር ይህን ልትነግረኝ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። በስልክ መንገር ትችል ነበር።

መጋቢት 21

ዒድ። ዓፊያ አዲስ ሸሚዝ ገዛችልኝ። ጎረቤት ሁሉ ቤት ሞላ። ሥራ አልነካሁም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ረጀብ ገበያ መጣ፤ አንድ ወይፈን ይዞ። መጀመሪያ ወደ እኔ ጠረጴዛ ነው የመጣው። ዒድ ሙባረክ ተባባልን። ያላለቀ ነገር በመካከላችን ስላለ ለጊዜው ሁለታችንም ወይፈኑን አየን።

«ሁለተኛው ወረቀት ቅጂው ቤት አለ» አለ። «ልጄ ታነበዋለች።»

«አሁንም?»

«የመጀመሪያውን ስታነብልኝ የሌላ ሰው ላም የሞተች ነበር የመሰለኝ። ሁለተኛውን ስታነበው ሚስቴ መስማት አቅቷት ተነስታ ወጣች።» ገመዱን በእጁ ላይ ጠቀለለ። «ሎሚ ራሷ ናት። ከዚያ ወዲያ የተናደድኩት ቀነሰልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

እኔም አላውቅም። ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

«አውፍ ብዬዎታለሁ» አለ፣ ወደ ሌላ እያየ። ከዚያ ወይፈኑን እየጎተተ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተሻገረ። ከሰልፉ ኋላ ቆሞ የወይፈኑን ጆሮ በመዳፉ ያዘ። ከፊቱ ያሉት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ግን ተራው እስኪደርስ ብዙ ቆመ። ዑሙልኸይር ከእያንዳንዱ ጋር ትቆያለች።